አባቴን ያስተረጎምኩበት ቀን

ነፃነት በመጣ ሰሞን ሥራ ፈትቼ ነበር። ከዚያ በፊት አሥመራ ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ የትምህርቱ ቋንቋም ተለወጠና እኔና ጠመኔዬ ቤት ዋልን። ማንም አላባረረኝም፤ ክፉ ቃል የተናገረኝም የለም። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ስደርስ የማስተምረው ነገር አልነበረም፣ በቃ። ጥቂት ወራት ተቀምጬ ከከረምኩ በኋላ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ተማምኜ ለአንድ የውሃ ጉድጓድ ሥራ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ።

የማስተረጉምለት መሐንዲስ ከናይጄሪያ የመጣ የዮሩባ ሰው ነበር። ረጅም ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሳቁ ብቻ ከሩቅ የሚሰማ። የመጣ ዕለት የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ወንዙ የት ነው የሚል ነበር። አሥመራ ወንዝ የላትም አልኩት። ያሾፍኩበት መስሎት አየኝ። እሱ በተወለደበት ከተማ ወንዝ አለ፤ በወንዙ ውስጥ ኦሹን የምትባል የጣፋጭ ውሃ እመቤት ትኖራለች፤ ልጅ ያጡ ሴቶች ወርደው ይለምኗታል፤ ማር ትወዳለች። "እሷን ፈልግ ብለው ነው እንግዲህ የላኩኝ" አለና ያንን ሳቁን ሳቀው።

ከዚያ በኋላ በመኪና ወደ ገጠር በወጣን ቁጥር ስለ አንዷ ወይም ስለ አንዱ ያወራኛል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ኦሪሻ ይሏቸዋል። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ሻንጎ ተቆጣ ይላል፤ ሻንጎ በአንድ ወቅት ንጉሥ የነበረ፣ አሁን ከሰማይ ድንጋይ የሚወረውር ነው። ኦባታላ ደግሞ ነጭ ለባሽ፣ ትዕግሥተኛ፣ ሰውን ከጭቃ የሚያበጅ ነው። እኔ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና መጀመሪያ አካባቢ ደሜ ይፈላ ነበር። ኮቴ ውስጥ እጄን ከትቼ በስውር አማትባለሁ። ሰውዬው ግን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ክርስቲያን ነው። እየቆየሁ ሳየው ሊሰብከኝ እየሞከረ አልነበረም። ሰው ስለ አክስትና አጎቱ እንደሚያወራ ነበር የሚያወራው፦ ይቺ ኩርፊያ ታበዛለች፣ ያኛው ግልፍተኛ ነው፣ እሱን በጠዋት አታስቆጣው። ወሩ ሳያልቅ እኔው ራሴ "ዛሬ የማንን ታወራልኛለህ?" ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ።

ከሁሉም በላይ የሚያከብሩት በአባቱ ቤት ኦጉን ነበር። የብረት ጌታ ነው። ቢላ፣ መዶሻ፣ መኪና፣ ብረት ያለበት ነገር ሁሉ የእሱ ነው። አማልክቱ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ምድር ሲወርዱ ጫካው እንደ ግድግዳ ገጠማቸው። ነጭ ለባሹ በለስላሳ ብረት ሊቆርጥ ሞክሮ መሣሪያው ተጣመመበት። ኦጉን ብቻ ከእሳት ባወጣው ብረቱ መንገድ ጠረገና ሁሉም በእሱ መንገድ አለፉ። በእነሱ አገር ሰው ሸንጎ ፊት ሲቆም ብረት ነክቶ ይምላል፤ በብረት ዋሽቶ በሰላም የሚያድር የለም ይላሉ። ይህን ሲነግረኝ መስኮቱን ከፍቼ ወደ ውጭ አየሁ።

ምክንያቱም አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። መደበር በሚባለው የአሥመራ የብረት ሠሪዎች ገበያ ውስጥ፣ የእህል ወፍጮዎቹን አልፎ፣ ከተሰባበረ ታንክና ከጭነት መኪና ሬሳ ምድጃና ማረሻ የሚያወጣ ቀጥቃጭ። አባቱም ቀጥቃጭ፣ የአባቱም አባት ቀጥቃጭ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው አይነገርም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባላል። እኔ አባቴ ጅብ ሲሆን አይቼው አላውቅም፤ ገና በምሽት ያንኮራፋል። ልጅ ሆኜ ግን ወደ ቤታችን የሚመጡ ልጆች ዳቦአቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር የሚበሉት። ፊደል ላይ የተጣበቅኩት ለዚያ ነው። መምህር የሆነን ሰው እጁን የሚያይ የለም ብዬ። ታጋዮቹ ገብተው ሥራ ሁሉ ክቡር ነው ሲሉ አጨበጨብኩ፤ ግን የአባቴን ሥራ ለማንም አልተናገርኩም። ለመሐንዲሱም ቢሆን።

በዚያ ሰሞን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነበር። አብራኝ ሒሳብ ታስተምር የነበረች ልጅ ነበረች፤ ወላጆቿ ማይ ተመናይ በሚባለው ሰፈር ትልቅ ግቢ ያለው ቤት ነበራቸው። ልናገባ ተስማምተን ነበር። ለእሷም ቢሆን አባቴ ብረት ይነግዳል ብያት ነበር። ሽማግሌ የሚላክበት እሑድ ተቆርጦ፣ እንደ አባት ሆኖ የሚሄደው የእናቴ ወንድም እንዲሆን ከእሱ ጋር ጨረስኩ። አጎቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከረባት ያምርበታል። አባቴን ታሟል እንላለን ተባባልን። ይህን ለአባቴ የነገርኩት እራት እየበላን ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ጉርሻውን አላምጦ ጨረሰና "ደሓን" አለኝ። ደህና፣ ይሁን ማለት ነው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ እሑድ አሥር ቀን ሲቀረው የአንዱ መንደር ፓምፕ ዘንጉ ተሰበረ። ሌላ ከውጭ እስኪመጣ ሁለት ወር ይፈጃል፤ መንደሩ ደግሞ ሁለት ቀን እንኳ የሚያቆይ ውሃ የለውም። የመኪናችን ሹፌር መደበር ውሰዱት፣ እዚያ የማይሠራ ነገር የለም አለ። መሐንዲሱ የተሰበረውን ብረት ተሸክሞ ወረደ። እኔ ደግሞ ሆን ብዬ አባቴ ካለበት በተቃራኒው በር አስገባሁት። አንዱ ቀጥቃጭ ብረቱን አገላብጦ አየና መለሰው። ሁለተኛውም መለሰው። ሦስተኛው ያውቀኛል፤ "እዚ ናይ ኣቦኻ ስራሕ እዩ" አለኝ፣ ይህ የአባትህ ሥራ ነው። መሐንዲሱ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። እዚያ ውስጥ አንድ የሚችል ሽማግሌ አለ ይላል አልኩት። የዚያን ቀን የመጀመሪያው ውሸት ይኸው ነው፤ ሲታይ እንኳ ውሸት አይመስልም።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ወናፉን እያናፋ ነበር። ቀና ብሎ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ መሐንዲሱን አየ። እኔ ከረባቴን እየነካካሁ ለማያውቁት ትልቅ ሰው እንደሚባለው "ደሓን ዶ ውዒልኩም"፣ ደህና ዋሉ አልኩት፤ እንግዳው ሥራ አለው ብዬም ጨመርኩ። አባቴን እንደዚያ ሰላም ብዬው አላውቅም። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። እጁን በጨርቅ ጠረገና እንግዳ በሚቀበሉበት ቃል፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ብሎ መለሰልኝ።

"እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም፣ መምህር።"

መሐንዲሱ ግን እኔ እስካስተዋውቀው አልጠበቀም። ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ አስያዘኝ። ብረት ወደሚመታበት መስፍ ጠጋ ብሎ በመዳፉ ነካው። ከዚያ ያ ረጅም ሰው በነጭ ሸሚዙ ከሰሉና አቧራው ላይ በደረቱ ተዘረጋ። መደበር ዝም ብሎ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ግን በዙሪያችን ያለው መዶሻ ሁሉ ቆመ። አባቴ ሰውዬው የወደቀ መስሎት ሮጦ ብብቱን ይዞ ሊያነሳው ይታገላል። "ኣይፋልን፣ ወደይ፣ ኣይፋልን" ይላል፤ አይሆንም ልጄ፣ አይሆንም። ባዕዱን ልጄ አለው፤ እኔን መምህር ብሎኝ ነበር።

መሐንዲሱ ተነሥቶ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ እንድነግርለት ጠየቀኝ፦ በአገሩ ታናሽ የሆነ ሰው ትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ነው ሰላም የሚለው፤ ትልቁ ሰው የብረት ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ይህን በትክክል አስተረጎምኩ። አባቴ ሻሂ አስመጣ።

ሥራው ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ፈጀ። አባቴ ከአንድ የተቃጠለ ጭነት መኪና ላይ የወጣ ዘንግ መርጦ እሳት ውስጥ ከተተው። እሱ ሲመታ መሐንዲሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የኦጉንን ወሬ ይነግረዋል፤ እኔ በመካከላቸው ቆሜ አመላልሳለሁ። አባቴ ስለ ጣዖት መስማት ይጠላል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን የመንገዱን ታሪክ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። እኔም በወር በወሩ በሚካኤል ቀን እሳት አላነድም፣ ብረቱም ይረፍ ብዬ ነው በለው አለኝ። መሐንዲሱ ይህን ሲሰማ ደስ አለውና ሌላ ጨመረለት። ኦጉን አንድ ጊዜ ከጦርነት ሲመለስ ልብሱ ደም በደም ነበር። መንገዱን የጠረገላቸው እነዚያው ፈርተው በር ዘጉበት። ስለዚህ ልብሱን አውልቆ ጣለና ለጋ የዘንባባ ቅጠል ለብሶ ተመልሶ መጣ፤ ያን ጊዜ አስገቡት።

አባቴ መዶሻውን አሳረፈ። "ልብሱን ቀየረ፣ እሺ። እጁንስ ምን አደረገው?"

ይህንንም በትክክል አስተረጎምኩ። መሐንዲሱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ታሪኩን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል፤ ስለ እጁ የጠየቀ ሰው ግን የለም። አገር ቤት ላለው አባቱ እንደሚጽፍለት፣ እሱ ያውቅ ይሆናል ብሎ ነገረን። አባቴ የራሱን እጅ አገላብጦ አየ። በመዳፉ ስንጥቆች ውስጥ የገባው ጥቁረት በሳሙናም በሎሚም አይወጣም፤ ለእናቴ ቀብር ቀን ስንት ጊዜ እንደታጠበው አስታውሳለሁ። ብረቱን ወደ እሳቱ መለሰና ወደ እኔ ሳያይ ጠየቀ።

"በአገራቸው ለቀጥቃጭ ሴት ልጅ ይሰጣሉ? ጠይቁልኝ፣ መምህር።"

ወደ መሐንዲሱ ዞሬ በእንግሊዝኛ፣ በአገራችሁ ብረት ከየት ነው የሚወጣው ይላል አልኩት። እሱም ጥያቄው ደስ አሰኝቶት ጎንበስ አለና ከመሬቱ ቀይ አፈር ቆንጥሮ በጣቶቹ መካከል እያሸ፣ የድሮ ሰዎች እንዲህ ካለ አፈር ብረት ያቀልጡ እንደነበር ረዘም አድርጎ ነገረኝ። እኔም ለአባቴ "ይሰጣሉ ይላል" አልኩት።

አባቴ በሰውዬው ጣቶች መካከል ያለውን አፈር አየ። ከዚያ እኔን አየ። ጽቡቕ፣ ጥሩ ነው ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ዘንጉ ልክክ ብሎ ገባ፤ የዚያ መንደር ፓምፕ በማግስቱ ውሃ ሰጠ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሹፌሩ አልነበረም፣ መሐንዲሱ ራሱ ነበር የሚነዳው። ሸሚዙ ከፊት በኩል ጥቁር ሆኗል። ብዙ ታግሼ፣ ዳር ዳሩን ዞሬ፣ በአገራችሁ ለቀጥቃጭ ሴት ልጅ ይሰጣሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ለቀጥቃጭ? አለ ገርሞት። ለቀጥቃጭ ማን ይነፍጋል፤ እናቱ ራሷ የቀጥቃጭ ልጅ ናት፤ የአባቱ ወንድሞች በሙሉ በቀጥቃጩ አያቱ ደጃፍ በደረታቸው ተዘርግተው ነው የለመኗት። ከዚያ ይህን ማን ጠየቀ አለኝ። ሽማግሌው አልኩ። ያኔውኑ ለምን አልጠየቅኸኝም አለ። መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር መሰለኝ፤ አባቴ ስለሆነ ነው አልኩት።

ፍጥነቱን ቀነሰና መንገድ ዳር አቆመ።

"እኔ መሬት ላይ ስተኛ" አለኝ በዝቅተኛ ድምፁ፣ "አንተ ቆመህ ነበር።"

አልሰደበኝም፣ አልመከረኝም። መኪናውን አስነሥቶ ቤቴ ደጃፍ አወረደኝ፤ በማግስቱም እንደ ወትሮው ስለ ፓምፕ አወራን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሴ አፍሬ እንቅልፍ አጣሁ።

አባቴ ቤት ውስጥም መምህር ማለቱን አልተወም። መምህር እራት ቀርቧል። መምህር ሸሚዝዎ ተተኩሷል። በምጸት አይደለም፤ እንግዳ የሚያከብር ሰው በሚናገርበት ለስላሳ ድምፅ ነው የሚለው። ስምንት ቀን ሙሉ ወደይ፣ ልጄ የምትለዋን ቃል ከአፉ ጠበቅሁ፤ አልወጣችም። እኔ የሰጠሁትን ሥራ እየሠራልኝ ነበር። እንግዳ ሁን ብዬው እንግዳ ሆነ።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን ሳያወልቅ ያዝኩት። የዚያን ቀን መልስ ከራሴ ነበር አልኩት፤ ትክክለኛው ይኸውልህ ብዬ ስለ መሐንዲሱ እናት፣ በደጃፉ ስለተዘረጉት አጎቶቹ ነገርኩት። ሰማኝና ዱሮውንም አውቄው ነበር አለ። ስለ ሴት ልጅ የተጠየቀ ሰው አፈር አይቆነጥርም አለኝ። ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩና ዛሬ ማይ ተመናይ አብረኸኝ ሂድ አልኩት። ታሟል ብላችኋል እኮ አለ። ድኗል እንላለን አልኩ። እጆቹን ነጠላው ውስጥ ከተተ፣ መልሶ አወጣቸው። "እሺ፣ መምህር" አለኝ።

በደንቡ አግቢው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፤ እኛ ዘመናዊ ነን ተብሎ እኔም ተጋብዤ ነበር። አጎቴ አባቴን ሲያይ ክው አለ፤ ግን በመንገድ ላይ ነበርንና ምንም ማድረግ አልቻለም። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ሕምባሻው በትልቅ ትሪ ተቆራርሶ ቀርቧል፣ ሻሂ ተቀድቷል። ልጅቷ በበሩ መጋረጃ በኩል አንድ ጊዜ አይታኝ ፈገግ አለች። የልጅቷ አባት ጨዋ ሰው ነበሩ። አባቴን እንኳን ማረዎት፣ ታመዋል ተብለን ነበር አሉት። የአጎቴ ብርጭቆ አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ። አባቴ ደህና ነኝ አለ። ቀጥለው ብረት እንደሚነግዱ ሰምተናል፣ ገበያው እንዴት ነው ብለው ጠየቁት።

አባቴ ሁለት እጆቹን ከነጠላው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እኔን አየኝ። "መምህር ያስተርጉምልኝ" አለ።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ትግርኛ የማይሰማ ሰው አልነበረምና። እኔ ግን ምን እንደጠየቀኝ ገብቶኛል።

"አባቴ ነው" አልኩ። "መደበር ብረት ይቀጠቅጣል። አባቱም ቀጥቃጭ ነበር። ታሞም አያውቅም፤ እንዲቀር ያደረግሁት እኔ ነኝ።"

ማንም አልጮኸም፣ ማንም ክፉ አልተናገረም። የልጅቷ እናት ብቻ ከጭናቸው ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ አነሡና ሕምባሻውን ቀስ ብለው ሸፈኑት። አወቁት አላወቁት እንጃ፤ እጃቸው ነው የሠራው። አባቴም አየ፣ እኔም አየሁ። የልጅቷ አባት ከዘመድ ጋር ተመካክረን መልስ እንልካለን አሉ፤ እስከ በሩም ሸኙን። መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም። እሷ ከወራት በኋላ መንገድ ላይ አግኝታኝ ነበር። አባትህ ቀጥቃጭ መሆኑን ብትነግረኝ እኔው እታገላቸው ነበር፤ የገደልከኝ ነጋዴ ነው ብለህ ነው አለችኝ። እወዳት ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ያን ዕለት ግን ከግቢው ስንወጣ አጎቴ ተቆጥቶ ታክሲ ይዞ ብቻውን ሄደ። እኔና አባቴ በእግር ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ቁልቁል ጀመርን። ፀሐዩ ጥሩ ነበር፤ ሰው እሑዱን ለብሶ ወክ ይላል። እኔ የት እንደምሄድ ሳላይ አንገቴን ደፍቼ በተሳሳተ በኩል ታጥፌ ኖሯል። አባቴ ከኋላዬ ቆመ። ከመዳፉ ሻካራነት የማውቀው እጅ ክንዴን ያዘኝ።

"ወደይ" አለኝ፣ "ፌርማታው በዚህ በኩል ነው።"